ለአረጋውያን አገልጋዮች ስለሚገባ ማደሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ለአገልጋይዋ ሕይወት ብዙ ሥርዓት ሠርታለታለች። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ለዲቁና በበቃ ጊዜ በጳጳስ እጅ ይሾማል፤ አድጎ ሕግ ሲገባ ወይም ሲመነኩስ ቅስናን ይቀበላል፤ በትምህርት የገፋውም መሪጌታ ወይም መምህር ተብሎ ካባ ይደረብለታል። በሞተም ጊዜ ማዕረጉን የጠበቀ ፍትሐት ይደረግለታል፤ አብረውት የቆሙት ካህናት ጸሎቱን አድርሰው ይሸኙታል። ነገር ግን ድምፁ ከደከመበት፣ ጕልበቱ ከከዳው ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ላለው ዘመን የተቈረጠለት ቀን፣ የተለየለት ስፍራ የለም። የሚሾምበት ዕለት ይታወቃል፤ የሚያርፍበት ዕለት ግን አይታወቅም። አንድ እሑድ ከማኅሌት ይቀራል፤ በሚቀጥለውም እሑድ ይቀራል፤ ቦታውን ሌላው ይይዘዋል። ከዚህ በኋላ እኒያ አባት የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው።

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናትና ምእመናን፣ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ጉዳይ በመሆኑ ነው። ጡረታ የሚለው ቃል ዛሬ የመሥሪያ ቤት ቃል መስሎ ይሰማል እንጂ ሥሩ መጦር ነው። መጦርም ልጅ ለወለዱት ለአባት ለእናቱ የሚያደርገው ነው። ያገራችን ሽማግሌ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ብሎ ሲመርቅ ከሀብት ሁሉ የሚበልጠውን መመረቁ ነው። እንግዲህ ካህኑን አባታችን ብለን የምንጠራው እኛ፣ ልጆቻችንን ያጠመቀልንን፣ ጋብቻችንን የባረከልንን፣ ሙታናችንን የፈታልንን፣ ኀጢአታችንን ሰምቶ በልቡ የቀበረልንን ሰው መስቀሉን በመሳለም ብቻ ልጅነታችንን ፈጽመናል ማለት አንችልም። ለእርሱ በእርጅናው ወራት ማደሪያ ማዘጋጀት ምጽዋት አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። በምጽዋትና በዕዳ መካከል ያለውም ልዩነት ትልቅ ነው፤ ምጽዋትን የሚሰጥ ይመሰገናል፤ ዕዳን የሚከፍል ግን የሚገባውን አደረገ እንጂ ምስጋና አይጠብቅም።

የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ቀዳሹ ካህን 18 ሰዓት ጾሞ፣ ሌሊት ተነሥቶ፣ ኪዳን አድርሶ፣ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ቆሞ ያገለግላል። መሪጌታው በመቋሚያ ተደግፎ ሲመራና ሲያሸበሽብ ያድራል። ደዋዩ በውርጭ ይነሣል፤ በቤተ ልሔም የሚያገለግለው በእሳትና በጢስ መካከል ኅብስቱን ይጋግራል፤ ለመሥዋዕቱ ስንዴ የምታበጥረዋ መነኩሲት ዐይኗ እስኪፈዝ ድረስ ትለቅማለች። ይህ ሁሉ በ20 ዓመት ደስታ ነው፤ በ40 ዓመት ልማድ ነው፤ በ70 ዓመት ግን ከሥጋ ጋር የሚደረግ ጦርነት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካው የእጅ ነገር ነው። ቅዱስ ሥጋውን በሚያቀብልበት ጊዜ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ካህን ማንም ሳይነግረው ራሱ ይፈራል። አንዲት ፍርፋሪ ብትወድቅብኝ ብሎ ይሰጋል፤ ስለዚህም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይላል፤ ለጐልማሳው ቄስ ቦታውን ይለቃል። ይህ ሰው ከመሠዊያው የራቀው ሰንፎ አይደለም፤ ስለ ቅዱስ ቍርባን ክብር ብሎ ነው። እንግዲህ ስለ ቍርባኑ ክብር ወደ ኋላ ያለውን አባት ደመወዙን አቋርጦ፣ ያደረበትንም ክፍል ለተተኪው አስረክብ ማለት እንዴት ያለ ፍርድ ነው? እንዲህ የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች ናቸው ብለን አንፈርድም። ሰበካ ጉባኤው ያለው አንድ ክፍል ነው፤ አዲስ የመጣውም ቄስ ከነልጆቹ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ችግሩ ያለው ክፍሉ ከሹመቱ ጋር ተጣብቆ ለአገልጋዩ ሳይሆን ለአገልግሎቱ የተሰጠ በመሆኑ ላይ ነው። ሹመቱ በቀረ ጊዜ ቤቱም አብሮ ይቀራል።

እርግጥ ነው፣ ያረጀ አገልጋይ ሁሉ በዚህ ችግር ውስጥ አይደለም። በገጠር ያለው ሕጋዊ ቄስ እርሻውን አርሶ፣ ልጆቹን አሳድጎ በጐጆው ያረጃል። በአንድነት ገዳም ያለው መነኵሴም እስከ ዕለተ ሞቱ ከማኅበሩ ማዕድ አይለይም፤ ጐልማሳው መነኵሴ ለአረጋዊው ውኃ ይቀዳለታል፤ ሲታመምም ያስታምመዋል። በሁለቱ መካከል የወደቀው ግን ብዙ ነው። ቅኔውን በጎጃም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ፣ ድጓውን በቤተ ልሔም ሲማር ከ20 ዓመት በላይ ከአገር አገር የዞረ መምህር ቤት የሚሠራበት ዕድሜ አላገኘም። ርስቱን ወንድሞቹ ይዘውታል፤ የተወለደበት መንደርም ረስቶታል። ጉባኤው ሞልቶ በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቹ እንጨት ይለቅሙለት፣ ውኃ ይቀዱለት፣ ለምነው ያመጡትን ያካፍሉት ነበር፤ ዐይኑ ጠፍቶ ማስተማር ሲያቅተው ግን ተማሪው ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል፤ መሄዱም የትምህርት ጕዳይ ነውና አይነቀፍም። ደግሞም ሚስቱ የሞተችበት ቄስ አለ። በሥርዓታችን ቄስ ክህነቱን ጠብቆ ሁለተኛ ሚስት አያገባም፤ ስለዚህ ለመሠዊያው ሲል ብቻውን ያረጃል። የሚያበስልለትና ጀርባውን የሚያሽለት ሰው ያጣው ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችውን በመጠበቁ ነው። የሟች ቄስ ሚስትም አለች፤ ስለ እርሷ ማን ይናገራል? ባሏ በሕይወት ሳለ ለቀዳሹ ሰሙነኛ ምግብ ስታቀርብ፣ እንግዳ ስትቀበል የኖረች ናት፤ እርሱ በሞተ ጊዜ ግን ስሟ ከየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው ሌዋዊው ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በመገናኛው ድንኳን እንዲያገለግል፣ 50 ዓመት በሞላው ጊዜ ግን ከሥራው እንዲያርፍ እግዚአብሔር ሙሴን አዝዞታል። ትእዛዙ በዚህ አላበቃም፤ ያረፈው ሌዋዊ ከባዱን ሥራ ይተዋል እንጂ በድንኳኑ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ እንዲጠብቅና እንዲረዳ ታዝዟል። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዕረፍትም ተሰጠው፤ ከድንኳኑም አልተለየም። ታቦቱን ከመሸከም ዐረፈ እንጂ ታቦቱ ካለበት አልተባረረም። የዘመናችን ጡረታ አንደኛውን ይዞ ሁለተኛውን ጥሎታል፤ ሰውን ከሥራ ሲያሳርፍ ከወንድሞቹም ይለየዋል።

ሌላም አለ። ሌዋውያን እንደ ሌሎቹ ነገዶች የእርሻ ርስት አልተካፈሉም፤ ርስታቸው እግዚአብሔር ነው ተባለ። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አገልጋይን ለማጽናናት እንጠቅሰዋለን፤ የቀረውን ግን ሳንጠቅስ እናልፋለን። እርሻ የከለከላቸው እግዚአብሔር ቤት አልከለከላቸውም። በዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ከነመሰምሪያቸው 48 ከተሞች እንዲሰጧቸው አዘዘ። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ ከዚህ የሚያስደንቅ ሕግ ይገኛል። ሌላው እስራኤላዊ ቅጥር ባለው ከተማ ያለውን ቤቱን ሸጦ በአንድ ዓመት ውስጥ ባይቤዠው ቤቱ ለገዢው ጸንቶ ይቀራል፤ የሌዋዊው ቤት ግን በማናቸውም ጊዜ ሊቤዥ ይችላል፤ ባይቤዥም በኢዮቤልዩ ዓመት ወደ እርሱ ይመለሳል። ሌዋዊ እርሻ ስለሌለው ቤቱን ካጣ ሁሉን አጣ ማለት ነውና፣ ሕጉ የአገልጋዩን ጣራ ከባለጸጋው ጣራ ይልቅ አጥብቆ ጠበቀለት። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ የነጋዴው ቤት በካርታ የጸና ሲሆን የመሪጌታው ቤት ግን የኪራይ ወር እስኪሞላ ድረስ ነው።

አባቶቻችን በዘመናቸው የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። አገልጋዩ በሚያገለግልበት ደብር መሬት ይዞ ከዚያ ይተዳደር ነበር፤ ባረጀም ጊዜ ልጁን ወይም ሌላ ሰው ተክቶ እያስቀደሰ ከመሬቱ ፍሬ ይመገብ ነበር። ያ ሥርዓት ንጹሕ ነበር አንልም፤ በዚያው መሬት ላይ ላቡን ያፈሰሰ ጭሰኛ ብዙ ጊዜ ከካህኑ ይልቅ የተራበ እንደ ነበረ መካድ አይገባም። ሆኖም ጡረታ የሚል ስም ሳይኖረው ጡረታ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሬቷንም የሚከራዩ ቤቶቿንም አጣች። በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፓትርያርክነት የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን ባያቋቁምና ምእመኑ በዐሥራትና በአስተዋፅኦ አገልግሎቱን መሸከም ባይጀምር ኖሮ ብዙ ደብር በተዘጋ ነበር። ስለዚህም ምእመናን ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን በመሬቱ ፋንታ የተተካው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝም ለሚሠራበት ወር ነው። የመሬቱ አገልግሎት ሁለት ነበር፤ የሚሠራውንም ያረጀውንም ይመግብ ነበር። አንደኛውን ተክተን ሁለተኛውን ሳንተካ 50 ዓመት አለፈን።

በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 13 የምናነበው ታሪክ ለዚህ መስታወት ነው። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተው አገኘ። የተቈጣው በሸሹት ላይ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ ብሎ የጠየቀው ሹማምንቱን ነው። ከዚያም ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው፤ ሕዝቡም የእህሉን፣ የወይኑንና የዘይቱን ዐሥራት አመጣ። እርሱም በግምጃ ቤቱ ላይ የታመኑ ሰዎችን ሾመ፤ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማከፋፈል ነበረ። ወቀሳ፣ መሰብሰብ፣ መዋጮ፣ የታመነ ግምጃ ቤት፤ ነህምያ አራቱንም አደረገ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ እናደርጋለን።

ይህ ሲነገር የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። አንዳንዱ ያረጀ አገልጋይ ገዳም ይግባ፣ ይመንኵስ ይላል። ምንኵስና ግን ስእለት እንጂ መጠለያ አይደለም። በክርስቶስ ፍቅር ተስቦ የሚገባ ይግባ፤ ማደሪያ አጥቶ የሚገባ ግን በራሱም በማኅበሩም ላይ ሸክም ይጨምራል። ደግሞስ 40 ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱን ወዴት ይጥላታል? ሌላው ልጆቹ ይጡሩት ይላል። ይህ እውነተኛ ቃል ነው፤ ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን መባ ነው እያሉ የሚያስቀሩትን ገሥጿቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 5 ዘመድ ያላቸውን መበለቶች ዘመዶቻቸው እንዲረዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን በእውነት ብቻቸውን የቀሩትን እንድትረዳ ሥርዓት ሠርቷል። ስለዚህ ልጅ ያለው በልጁ ቤት ይጦር፤ እኛም የምንናገረው ልጅ ስለሌለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአገልጋይ ዋጋው በሰማይ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ቃል አገልጋዩ ስለ ራሱ ቢናገረው እምነት ነው፤ እኛ ስለ እርሱ ብንናገረው ግን ንፍገት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የተራቈተውን ወንድም ሙቅ፣ ጥገብ ብለው በባዶ እጁ የሚያሰናብቱትን የወቀሰው ስለዚህ ነው።

የቀደሙት አባቶች በዚህ መንገድ ሄደውበታል። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ ለድኾች፣ ለድውያንና ለእንግዶች ያሠራቸው ቤቶች ብዙ ስለ ነበሩ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ስፍራውን እንደ አዲስ ከተማ ቈጥሮታል። በ1136 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ንጉሥ ዮሐንስ ኮምኔኖስ በቍስጥንጥንያ ለመሠረተው ለጰንጦክራቶር ገዳም ባወጣው ደንብ 24 አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት የሚሰጣቸውን ቀለብ ሳይቀር በጽሑፍ ወስኖ አቁሟል። 24 ሰው ለታላቅ መንግሥት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቍጥሩ ስለ ተወሰነ፣ ገቢውም ስለ ተመደበለት በተስፋ ብቻ አልቀረም።

በሃይማኖት ከእኛ የተለዩትም በዚህ ሥራ ቀድመውናል፤ መልካሙን ከማንም መማር አያሳፍርም። በእንግሊዝ አገር ካህኑ የሚያድረው በሰበካው ቤት ስለሆነ ሥራውን ሲተው ቤቱንም መልቀቅ አለበት፤ ችግሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በ1895 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቅዱስ በርናባስ ስም ለአረጋውያን ካህናት ማደሪያ ተጀመረ፤ ጥቂት ቈይቶ ሊንግፊልድ ወደምትባል ስፍራ ተዛውሮ እስከ ዛሬ አለ፤ ጸሎት ቤቱ በቅጥሩ ውስጥ ነው። በ1926 ደግሞ የጡረታ ቦርድ ተቋቋመ፤ ይህም ቦርድ አበል ከመክፈል ሌላ ለጡረተኞች ካህናት የሚከራይ ቤት ያቀርባል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በክሌርሞንት ከተማ በ1915 የተጀመረው ፒልግሪም ፕሌስ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያረጁ ሰዎች በትንንሽ ቤቶች የሚኖሩበት መንደር ነው። መክፈል ያቃተውን ነዋሪ ለመርዳት ነዋሪዎቹ ራሳቸው የእጅ ሥራ ሠርተው በየዓመቱ በሚያደርጉት በዓል ሲሸጡ ኖረዋል። የደከመው ሌላውን ደካማ ይሸከማል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን በፍሎሪዳ ያለው ነው። ጄምስ ካሽ ፔኒ የተባለ በልብስ ንግድ የከበረ ሰው አባቱ ያለ ደመወዝ የሚሰብክ የባፕቲስት ሰባኪ ነበረ፤ ኑሮውም በእርሻ ነበረ። ልጁ በከበረ ጊዜ በ1920ዎቹ ለአባቱና ለእናቱ መታሰቢያ ብሎ ለጡረተኞች ሰባክያን መንደር ሠራ፤ በመካከሉም ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ሠራተኞቹን በአንድ ትልቅ አዳራሽ አልጋ በአልጋ አላሰለፋቸውም፤ ባልና ሚስት ለብቻቸው በራቸውን ዘግተው የሚኖሩበት ቤት ሰጣቸው። በ1929 በመጣው የገንዘብ ውድቀት የሰውየው ሀብት ተነነ፤ በዙሪያው የጀመረው ታላቅ የእርሻ ሥራም ፈረሰ። የአረጋውያኑ መንደር ግን በሌሎች ክርስቲያኖች እጅ ተጠብቆ ዛሬም አለ። ፔኒ ያሰበው ለትርፍ የጀመረው ጠፍቶ ለወላጆቹ መታሰቢያ የሠራው መቅረቱን ልብ ይሏል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እንዲህ ያለ ማደሪያ በእኛ ዘንድ ቢሠራ እንዴት ይሁን? በመጀመሪያ በአዲስ አበባ አንድ ታላቅ ሕንፃ ሠርቶ ያገሩን አረጋዊ ሁሉ በዚያ መሰብሰብ አይገባም። ንጉሥ ዳዊት የ80 ዓመቱን ሽማግሌ ቤርዜሊን በኢየሩሳሌም ልጡርህ ባለው ጊዜ፣ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈ፣ ሽማግሌው በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መርጦ ተመለሰ። ዳዊትም አላስገደደውም። አረጋዊ የለመደውን ደወል ድምፅ፣ የለመደውን የዋርካ ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ በየሀገረ ስብከቱ፣ ቢቻልም በየወረዳው ካሉት አድባራት በአንዱ አጠገብ ስድስት ወይም ስምንት ክፍል ያለው ቤት ይበቃል። ደረጃ የሌለው፣ ከበሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ በምርኵዝ የሚሄዱበት የተስተካከለ መንገድ ያለው፣ የኪዳኑ ደወል የሚሰማበት ይሁን። ቍልፉ በአረጋዊው እጅ ይሁን። በበሩ ላይ የድኾች መጠለያ የሚል ጽሑፍ ፈጽሞ አይለጠፍበት።

ኪራዩስ? በነፃ መሆኑ መልካም ይመስላል፤ እኛ ግን ትንሽ ቢከፈልበት ይሻላል እንላለን። የሚከፍል ሰው ባለቤት ነው፤ ማንም ተነሥቶ ውጣ ሊለው አይደፍርም። ክፍያውም ከሚያገኘው አበል ከዐሥር ሁለት እጅ አይለፍ፤ ምንም ገቢ ለሌለው ደግሞ የንስሐ ልጆቹ ወይም ሰበካው ይክፈሉለት። ለሥራው የሚሆነውም ገንዘብ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በከተማ ባሉ ብዙ አድባራት ዙሪያ የሚከራዩ ሱቆች ተሠርተዋል፤ ከእነዚህ የአንዲቱ ሱቅ ኪራይ ብቻ ለአረጋውያኑ ቢለይ ጥቂት አባቶችን ያኖራል። ወጣቱም አገልጋይ ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት ቢያስቀምጥ ለራሱ ነው። ስለ ስእለትም አንድ ነገር እንበል። በየንግሡ ጃንጥላው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉና ጧፉ እስከ ዕቃ ቤቱ ጣራ ድረስ ይከመራል፤ ስእለቱ ሠምሮለት ለአረጋዊ መሪጌታ ፍራሽና ብርድ ልብስ ወይም የስድስት ወር ኪራይ ይዞ የመጣ ግን ብዙ አይታይም። ታቦቱ በጃንጥላ ብዛት እንደማይከበር፣ ያነገሠው ዘማሪ በብርድ ሲያድር እንደማይደሰት ለምእመኑ ማስተማር የእኛ የካህናት ፋንታ ነው።

በዚህ ቤት የሚኖሩት ደግሞ ቍጭ ብለው ሞትን የሚጠብቁ አይደሉም። ቀሚሱና መቋሚያው ያረጀ መምህር ልቡ አላረጀም። የብሉያትንና የሐዲሳትን አንድምታ በቃሉ የያዘ፣ የድጓውን ምልክት ከነአመጣጡ የሚያውቅ ሰው በከተማ ዳር በኪራይ ቤት ሲሞት አብሮት የሚቀበረው ቀላል አይደለም። በደብሩ አጠገብ ቢኖር ግን ዲያቆናቱ ከቅዳሴ በኋላ ገብተው ይጠይቁታል፤ እርሱም ተኝቶ ያርማቸዋል። የ84 ዓመቷ ነቢይት ሐና ከቤተ መቅደስ ሳትለይ በጾምና በጸሎት ትኖር እንደ ነበረ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል፤ ሕፃኑን ጌታ ለማየትና ለሌሎችም ለመንገር የበቃችው በዚያ ስለ ተገኘች ነው።

በውጭ አገር ለሚያገለግሉ ወንድሞቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። በአሜሪካ ያሉ ብዙዎቹ ካህናት በሳምንቱ ቀናት በጕልበት ሥራ እየደከሙ በእሑድ ይቀድሳሉ። በዚያ አገር ሕግ ሰው የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት በጠቅላላው 10 ዓመት ያህል ግብር የከፈለበት ሥራ ሊኖረው ይገባል፤ ካህኑም ለዚህ ጕዳይ እንደ ግል ሠራተኛ ተቈጥሮ ራሱ ይከፍላል። ሰበካው በእጁ የሚሰጠው በመዝገብ ያልተጻፈ ገንዘብ ግን አይቈጠርለትም። ይህን ሳያውቁ ያረጁ አባቶች በባዕድ አገር በውድ ኪራይ ፊት እንዳይቆሙ የየሰበካው ሒሳብ ሹሞች ዛሬውኑ ሊያስቡበት ይገባል።

ሥራው ከቈጠራ ይጀምራል። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በሚመጣው ስብሰባው የአገልጋዮቹን መዝገብ አውጥቶ፣ ባለፉት ዐሥር ዓመታት ስማቸው ከደመወዝ መዝገብ የወጣውን አባቶችና እናቶች አንድ በአንድ ያንብብ። ማን ሞተ፣ ማን አለ፣ ያለውስ ዛሬ በማን ቤት ያድራል፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ ውኃ ማን ይቀዳለታል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የቈረበው መቼ ነው ብሎ ይጠይቅ። መልስ ላልተገኘለት ስም አንድ ካህንና አንድ ምእመን ተመድበው እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ፈልገው ያግኙት፤ ያገኙትንም በጽሑፍ ለሀገረ ስብከቱ ያቅርቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።